የካሣነሽ አርባ አተር

ከእስቴ ደጋ በላይ፣ በጉና ተራራ ጥግ፣ ጓሳ ሚካኤል በምትባል አጥቢያ ካሣነሽን የሚወድ ሰው ፈልጎ ማግኘት ቀላል አልነበረም። የሚያምናት ግን ሞልቶ ነበር። ምላሷ ምላጭ ነው፤ ደኅና አደራችሁ ብላ እንኳ አንድ ሰው ሳትነካ አታልፍም። ባሏ አለሙ ዝምተኛ የሆነው ተፈጥሮው ሆኖ ነው ወይስ ተራ ስላልደረሰው እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ግንቦት በገባ ቁጥር ግን ያ ሁሉ የተዘለፈ ገበሬ ዘሩን ይዞ እሷ ፊት ይቀመጣል። ያለ ካሣነሽ ቃል ገብስ የሚዘራ ሞኝ በአጥቢያው አልነበረም።

ሥራው ከእናቷ ከውብነሽ የወረሰችው ነው። ውብነሽ ብቅል ስታበቅል የኖረች ሴት ስለነበረች ገብስ ነፍስ እንዳለውና እንደሌለው ለማወቅ ብልኃት አበጅታ ነበር። ከአንድ ቤት ዘር ሃያ ፍሬ ታነሣለች፤ በእርጥብ ጨርቅ ትጠቀልላለች፤ በሦስተኛው ቀን ትፈታለች። ለበቀለው ፍሬ አንድ ባቄላ፣ ሞቶ ለቀረው አንድ አተር ቁርበት ላይ ታስቀምጣለች። እስከዚህ ድረስ ማንም ይችላል። የውብነሽ ብልኃት ከዚያ በፊት ነው። ጨርቁን ሳትፈታ፣ ስለዚያ ቤት ዘር አስቀድማ የምታውቀውን በባቄላና በአተር ቁርበቱ ላይ ታሰፍራለች። ይህን "መነሻ" ትለዋለች። ዐምናና ካቻምና ዘሩ ላማረለት ቤት ስድስት ባቄላና ሁለት አተር፤ ጣሪያው ለሚያፈስበት ሰነፍ ሦስት ባቄላና አምስት አተር፤ ምንም ለማታውቀው እንግዳ አንድ ባቄላና አንድ አተር ብቻ። ከጨርቁ የወጣው በመነሻው ላይ ይጨመርና ክምሩ ይፈረዳል። ባቄላው የአተሩን ሦስት እጥፍ ካከለ "ይዘራ" ነው። ሦስት እጥፍ ባይሞላም አተሩን ከበለጠ "ጥቅጥቅ ተደርጎ ይዘራ" ነው። አተሩ ከበለጠ ግን "አይዘራም፣ ይበላ" ነው።

ስለምን ሃያውን ብቻ ቆጥረሽ አትፈርጂም ሲሏት፣ "ሃያ ፍሬ ሊዋሽ ይችላል፤ ድሮ ያየሁትም ያረጃል። ሁለቱን አጋጥሜ ወደ እውነቱ እጠጋለሁ እንጂ እውነቱንማ እግዜር ነው የሚያውቀው" ትል ነበር። ዛሬ ስታትስቲክስ የተማሩ ሰዎች ይህንኑ ሥራ ቤይዝ በሚባል የፈረንጅ ቄስ ስም ጠርተው በወረቀት ላይ ይለፉበታል፤ መነሻውን "ቅድመ ግምት" ይሉታል፤ ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ የሚያገኙትም ለእውነት የቀረበ ግምት እንጂ እውነቱ ራሱ እንዳልሆነ ያምናሉ። ውብነሽ ወረቀት አልነበራትም፤ በባቄላ ጨረሰችው።

ልትሞት ስትል ለልጇ ሁለት ነገር አስጠነቀቀቻት። "ያላየሽውን መነሻ አታድርጊ። መነሻሽም ከጨርቁ አይብለጥ፤ ከበለጠ ጨርቁን ለምን ታረጥቢዋለሽ?"

ካሣነሽ ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ጠበቀች። ያፈረሰችው በአያሌው ምክንያት ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። አያሌው የታናሽ እህቷ የጌጤ ባል ነበር። በ፲፱፻፵፮ ዓ.ም. ነሐሴ ውስጥ ጌጤ የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ አያሌው በሬ ሊለውጥ አርብ ገበያ ወርዶ ነበር። ሁለት ቀን አማጠች። ልጁ ሞቶ ተወለደ፤ እሷም በማግስቱ ተከተለችው። ካሣነሽ የደረሰችው ሬሳው ሲገነዝ ነው። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ "እህቴን በበሬ ለወጥካት" አለችው። ከዚያ ወዲያ ሰላም አልተባባሉም። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ እሱ በወንዶች በር፣ እሷ በሴቶች በር እንዲገቡ ላዘዘው ሥርዓት ካሣነሽ ከልቧ እግዜርን ታመሰግን ነበር።

በ፲፱፻፵፱ ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ገብሱ ለአጨዳ ሲደርስ በረዶ ወረደ። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው የወረደው፤ ግን ዛላው ሁሉ ከጭቃ ጋር ተደባለቀ። ከጭቃው የተለቀመው ተበልቶ አለቀ። ግንቦት ሲደርስ ለአጥቢያው የሚበቃ የቆየ ገብስ የተገኘው በሁለት ቤት ብቻ ነበር። አንደኛው የካሣነሽ አጎት ታፈረ ነው፤ አባቷ ከሞተ በኋላ ያሳደጋት እሱ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ጉድጓድ ቆፍሮ የቀበረው ገብስ ነበረው። ሁለተኛው አያሌው ነው። እሱ ገብሱን ከነዛላው እያሰረ ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ይሰቅል ነበር። ሁለቱም ለመስጠት ፈቀዱ፤ ሰዉም በምላሹ በአጨዳ ጊዜ ጉልበቱን ሊሰጣቸው ተስማማ። የቀረው ከየትኛው ቤት ይዘራ የሚለው ነው። አንደኛው ይዘራል፤ ሌላው ተፈጭቶ ክረምቱን ያሻግራል። ዘሩ በስሕተት የተመረጠ እንደሆነ ሰማንያ ቤት ሰው ለሚመጣው ዓመት የሚቀምሰው የለውም።

በግንቦት ሚካኤል ዕለት፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተሰበሰበ። ካሣነሽ ቁርበቷን ዘረጋች። ከሦስት ቀን በፊት የጠቀለለቻቸው ሁለቱ ጨርቆች አጠገቧ ነበሩ።

በአጎቷ ጀመረች። ለመነሻ ባቄላ መቁጠር ያዘች፤ አምስት፣ ዐሥር፣ ሃያ። ሠላሳ ላይ ቆመች። አተር አንድም አላስቀመጠችም። ጨርቁን ስትፈታው የሻገተ ሽታ ወጣ። ከሃያው ስምንት በቅሏል፤ ዐሥራ ሁለቱ ሞቷል። ደመረችው፤ ሠላሳ ስምንት ባቄላ፣ ዐሥራ ሁለት አተር።

"ይዘራ" አለች።

ቀጥላ ለአያሌው ቤት መነሻ ማስቀመጥ ጀመረች። አተር ነው። አንድ በአንድ እየቆጠረች፣ ሳትቸኩል፣ አርባ አተር አሰፈረች። ባቄላ አንድም የለበትም። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

"በቤቴ አርባ የሞተ ዘር መቼ አየሽ?" አለ አያሌው ከቆመበት።

"በዚያ ቤት የገባ ዘር አይበቅልም" አለች ካሣነሽ፣ ቀና ብላ ሳታየው። "እኔ የማውቀው ይህን ነው።"

ስለ ገብስ እንዳልተናገረች ያልገባው ሰው አልነበረም። ጨርቁን ፈታች። ዐሥራ ሰባቱ ነጭ ሥር አውጥተው እርስ በርሳቸው ተጠላልፈዋል፤ የሞቱት ሦስት ናቸው። ዐሥራ ሰባቱን ባቄላ አርባው አተር ላይ ስትጨምረው ተውጦ ቀረ።

"አይዘራም፤ ይበላ።"

የአጥቢያው ቄስ ገብረ ኢየሱስ ወደ ቁርበቱ ጠጋ አሉ። "ልጄ፣ መነሻሽ ከጨርቁ በለጠኮ። እናትሽ ውብነሽ እንዲህ አልነበረም ያስተማረችሽ።"

"እናቴ ጌጤን ሳትቀብር ነው የሞተች፣ አባ። የቀበርኳት እኔ ነኝ።"

"ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" አሉ ቄሱ ለራሳቸው ያህል፤ ግን አልገፉበትም። ሌላውም ዝም አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ አልተሳሳተችም፤ አንድ የምታውቀው ነገር ቢኖራት ነው አሉ። ሰው እንዲህ ነው። ሃያ ዓመት የተሳካለት ሰው በሃያ አንደኛው ዓመት እንደ ልቡ መሆን ይፈቀድለታል። ካሣነሽ ለአጎቷ ሠላሳ ባቄላ አስቀመጠች፤ ሰዉ ደግሞ ለካሣነሽ ቃል ከዚያ የበለጠ አስቀምጦላት ነበር።

አያሌው "ገብሴን ማንም አይፈጨውም" ብሎ ሄደ። ሰውም እሱን ከመለመን በግና ፍየሉን መካነ ኢየሱስ ነድቶ ሽጦ የሚበላ እህል ሸመተ።

ካሣነሽ ከአለሙ ጋር ወደ ቤት ስትመለስ ደስ ብሏት ነበር። ሦስት ዓመት ያህል ምን እንደምታደርገው ያጣችውን ሰው ዛሬ አገኘችው። አለሙ ግን ወደ ኋላ እየቀረ ይከተላት ነበር።

"ምነው?" አለችው።

"ስምንት ነው የበቀለው" አለ።

"ምኑ?"

"ያያ ታፈረ። ከሃያ ስምንት።"

"መነሻውን አላየህም?"

"አየሁት። ከየት እንደመጣ ነው ያላየሁት።"

ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈችው።

ያ ቃሏ ደግሞ እግር አወጣ። አያሌው ከወገዳ በኩል፣ ስማዳ ውስጥ፣ ሚስት አጭቶ ነበር። ሰኔ ሳይጋመስ የልጅቱ አባት "ዘር ለማይበቅልበት ቤት ልጅ አንሰጥም" ብሎ ሽማግሌ ላከበት። አያሌው ሽማግሌዎቹን አብልቶ፣ እስከ ወንዙ ሸኝቶ፣ የዚህን ቃል እናት አውቃታለሁ ብሎ ተመለሰ።

ሰኔ ላይ ዝናቡ እንዳማረ ጣለ። የታፈረ ገብስ ተዘራ። ዐሥር ቀን ሆነ፤ ዐሥራ አምስት ቀን ሆነ። በአለሙ ማሳ ላይ አልፎ አልፎ እንደ ሽማግሌ ጥርስ የቆመ ቡቃያ ካልሆነ በስተቀር አፈሩ ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ካሣነሽ ወርዳ በጣቷ ጫረችው። ፍሬው እንደ ሊጥ ለስልሶ ተጨመቀላት። የሌላውም ማሳ እንዲሁ ነው። ከሸለቆው ማዶ ግን አያሌው ለራሱ የዘራው ገብስ አረንጓዴ ሆኗል። ከቤቷ ደጃፍ ፊት ለፊት ይታያል። በየማለዳው ስታየው ጸጸት ቢሰማት ደግ ነበር፤ የተሰማት ግን ንዴት ነው። እሷን ለመስደብ የበቀለ መሰላት።

አጎቷ ታፈረ በትሩን ተደግፎ መጣ። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

"ያ ጉድጓድ ሙቀት ነበረው" አለ። "ከፍቼ እጄን ስከተው ሞቆኝ ነበር። የጉድጓድ እህል ለመብል እንጂ ለዘር አይሆንም ሲባል ሰምቻለሁ።"

"አንቱ፣ እያወቁ ነው ዝም ያሉ?"

"ጠረጠርኩ እንጂ አላወቅሁም። ሠላሳ ባቄላ ስታስቀምጪልኝ ጊዜ እኔ ነኝ የተሳሳትኩ አልኩ።"

ይህ ሰው ሲያሳድጋት የሰጣትን ፍቅር ለገብሱ ምስክር አደረገችው፤ እሱም ከገዛ እጁ ይልቅ እሷን አመነ። በጣም አፈረች። ስታፍር ደግሞ ትቆጣለች፤ አለሙ ያን ዕለት ቡቃያ ለማየት ብሎ እስኪመሽ ከማሳው አልተመለሰም።

በጉና ጥግ ገብስ እስከ ሐምሌ አቦ ካልተዘራ ውርጭ ይቀድመዋል። ሰኔ ሃያ ዘጠኝ ቀን ቄስ ገብረ ኢየሱስና ሽማግሌዎቹ አያሌው ቤት ሄዱ። አያሌው አላስቸገረም።

"ዘር አለኝ፤ እሰጣለሁ" አለ። "ሃያ ፍሬ አሁኑኑ በእጅዎ ይጠቅልሉ፣ አባ። ሲፈታ ግን ያቺ ሴት እዚህ ቤት መጥታ ትቁጠር። አርባዋንም አተር ይዛ ትምጣ። ያለዚያ አንድ ዛላ ከዚህ ቤት አይወጣም።"

"ብሞት አልሄድም" አለች ካሣነሽ ሲነግሯት።

"አንቺ ብትሞች አንድ ነሽ" አለ አለሙ። "አጥቢያው ሰማንያ ቤት ነው።"

ሁለት ቀን ከራሷ ጋር ተጣላች። በሦስተኛው ቀን፣ ሐምሌ ሁለት፣ አርባ አተርና አንድ እፍኝ ባቄላ ቋጥራ ሸለቆውን ተሻገረች።

ጌጤ ከተቀበረች ወዲህ እዚያ ቤት ገብታ አታውቅም። መደቡ እንደነበረ ነው። ገብሱ ከምድጃው በላይ ጥላሸት ለብሶ ተንጠልጥሏል። ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል። አያሌው ተቀመጭ አላላትም፤ ቁርበት ግን ዘርግቶላት ነበር።

"አርባዋን አስቀምጫቸው" አለ። አስቀመጠች። "አሁን አንድ በአንድ እያነሣሽ ስለምን እንደሆነች ንገሪኝ። ያየሽው ከሆነ ለብቻ አኑሪያት። ያላየሽው ከሆነ ወደ ቋጠሮሽ ትመለስ።"

ካሣነሽ ቄሱን አየቻቸው። ቄሱ መሬት መሬት ያዩ ነበር። የመጀመሪያዋን አተር አነሣች።

"ጌጤ ስታምጥ አልነበርክም።"

"እውነት ነው። አኑሪያት።"

"ልጅህን አልቀበርክም። ሰው ነው የቀበረልህ።"

"እውነት ነው።"

"አዋላጅ ሳትጠራላት ሄድክ።"

"ገና ወር ይቀረኛል ብላኝ ነበር። አለመጥራቴ ግን እውነት ነው። አኑሪያት።"

አራተኛዋን አነሣች። "በሬህን ከእሷ አስበልጠህ ነው የሄድክ።"

"ይህን አየሽው? ሆዴ ውስጥ ገብተሽ አየሽው?"

እጇ ወደ ቋጠሮው ሄደ። አምስተኛዋን አነሣች። "ለቅሶዋ ላይ እንባ አልወጣህም።"

"ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ነበር" አለ አያሌው። "እሳቸው አይተዋል።"

"አልቅሷል፣ ልጄ" አሉ ቄስ ገብረ ኢየሱስ።

አምስተኛዋም ተመለሰች። ስድስተኛዋን አንሥታ በጣቷ ያዘቻት። የምትለው ፈለገች። ሦስት ዓመት ሙሉ ስታበስለው የኖረችው ነገር ብዙ ነበር፤ ሌት ተቀን ትሰማው የነበረው የራሷ ድምፅ እንጂ ያየችው ነገር እንዳልሆነ አሁን ገባት። ያቺን መለሰች። የቀሩትንም በመዳፏ ጠርጋ ቋጠሮዋ ውስጥ ከተተች። ቁርበቱ ላይ ሦስት አተር ቀረ።

"እነዚህ ሦስቱ እውነት ናቸው" አለች።

"ናቸው" አለ አያሌው።

"ግን አንዳቸውም ስለ ገብስ አይደሉም።"

በሕይወቷ እንደዚህ ያለ ከባድ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ሦስቱን አተር ለቅማ መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረቻቸው። ከዚያ እናቷ ለማታውቀው ቤት እንደምታደርገው አንድ ባቄላና አንድ አተር አስቀመጠች። ቄሱ ጨርቁን ሰጧት፤ ፈታችው። ዐሥራ ስምንት በቅሏል፤ ሁለት ሞቷል። ዐሥራ ዘጠኝ ባቄላ፣ ሦስት አተር።

"ይዘራ" አለች።

አያሌው ቆጥ ላይ ወጥቶ ማሰሪያውን መቁረጥ ጀመረ። ጥላሸቱ በሽማግሌዎቹ ጋቢ ላይ ረገፈ። ካሣነሽ ቁርበቱን አራግፋ ደፉን ልታልፍ ስትል ከላይ ሆኖ ጠራት።

"ታርቀሽኛል ማለት ነው?"

"ያመንኩት ዘሩን ነው። አንተን አላልኩም።"

"እኔም አንቺን አላልኩም" አለና ማጭዱን ወደ ማሰሪያው መለሰ።

ሦስት ቀን ሙሉ በሬ ያለው በበሬ፣ የሌለው በዶማ አጥቢያው ሁሉ ዘራ። ከአቦ ያለፈውን ውርጭ መታው፤ ከአቦ በፊት የገባው ደረሰ። ጠኔ ገባ፣ ሰው ግን አልሞተም። በዚያ ዓመት ካሣነሽ ሃያ ዓመት የሰደበችው ሰው ሁሉ ተራውን አገኘ፤ ያለ የሌለውን ወረወረባት። እሷም ቆማ ሰማች። ከዚያ ወዲህ መነሻ የምታስቀምጠው ቄስ ገብረ ኢየሱስ አጠገቧ ቁጭ ብለው "ይህን መቼ አየሽው?" እየጠየቋት ነው። ራሷ ናት የለመነቻቸው።

አያሌው በኋላ ከሌላ አገር ሚስት አገባ፤ ልጆችም ወለደ። ካሣነሽ አራሷን ልትጠይቅ አልሄደችም። በየግንቦቱ የእሱ ቤት ተራ ሲደርስ ግን ስምንት ባቄላና አንድ አተር ለመነሻ ታስቀምጥለታለች፤ የሚገባውን። ቆጥራ፣ ፈርዳ፣ ሰላም ሳትለው ትነሣለች። ዐሥራ አራት ዓመት እንዲህ ሆነ።

በ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. ኅዳር ላይ አያሌው ሞተ። ካሣነሽ ቀብሩ ላይ አልታየችም፤ ሰውም አልጠበቃትም። ያን ዕለት ከመቀነቷ ጫፍ ሦስቱን አተር ፈትታ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ነበር። በሣልስቱ ጠዋት ቁርበቷን ዘረጋች። አንድ ባቄላና አንድ አተር ለመነሻ አስቀመጠች። ጨርቁን ፈታች።

ሁለቱ አብጠው በስብሰዋል። አንዷ ነጭ ሥር አውጥታለች። ጌጤ ስታምጥ ያልነበረባት ትሁን፣ የልጁ ትሁን፣ የአዋላጇ ትሁን መለየት አልቻለችም። ለበቀለችው አንድ ባቄላ፣ ለሞቱት ሁለት አተር ጨመረች። ሁለት ባቄላ፣ ሦስት አተር ሆነ። አንድ ጊዜ ቆጠረችው፤ ደግማ ቆጠረችው። ባሏ አለሙ ከበር ላይ ቆሞ ያያት ነበር።

አተሩ በልጧል። በእናቷ ሕግ እንዲህ ያለ ዘር፣ የቂምም ቢሆን፣ አይዘራም፤ ይበላል። ካሣነሽ የበቀለችውን አተር አንሥታ አፏ ውስጥ ከተተቻት፤ አላምጣ ዋጠቻት። ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ሸለቆውን ተሻግራ አያሌው ቤት ለቅሶ ተቀመጠች።